አራተኛ ፎቅ ላይ የተጠነሰሰ ጠላ

ጽዋው ቤታችን የገባ ለት ባለቤቴ በግራ እጇ ነው የተቀበለችው። ቀኟ ካለፈው ክረምት ወዲህ አይታዘዝላትም። በሽታው መጥቶ ግማሽ ጎኗንና ምላሷን ያዘባት። ሐኪሞቹ ቀስ እያለ ይመለሳል ብለውናል፤ እኛም እስካሁን ያየነው ቀስ ማለቱን ነው። ከቃል ሁሉ የቀረላት አንዲት ናት፤ «እኮ»። ውሃ ስትፈልግ እኮ፣ ስትቆጣ እኮ፣ ደስ ሲላትም እኮ። እኔ እንግዲህ ከድምፅዋ አወጣጥ እየገመትኩ እኖራለሁ። አንዳንዴ አገኘዋለሁ።

የማርያም ማኅበር አለን። በየወሩ አንድ አባል ቤት እንሰበሰባለን። ቄሱ ይጸልያሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጽዋው ጠላ ተሞልቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ መጨረሻ ላይ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። ተረኛው ነጠላ አልብሶ ይወስደውና ተራው እስኪደርስ ቤቱ ያስቀምጠዋል። ታዲያ እኛ ዘንድ አንድ ደንብ አለ። ለእንግዳ ቢራም ይቅረብ ለስላሳም ይቅረብ ማንም አይናገርም፤ ጽዋው ውስጥ የሚገባው ግን እዚያው ቤት የተጠመቀ ጠላ ነው። የተገዛ አይገባበትም። ደንቡን አጥብቀው የያዙት ሴቶቹ ናቸው፣ ከሴቶቹም የባሰችው የእኔዋ ናት። አንድ ጊዜ አንዲት አባል ጨንቋት ከሃያ ሁለት ሰፈር ጠላ አስገዝታ ጽዋው ላይ ቀዳች። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ብቻ ፉት አለችና ምንም ሳትናገር ጽዋውን መሶቡ አጠገብ አስቀመጠችው። ለሚቀጥለው ሰው አላሳለፈችውም። ቤቱ ሁሉ ገባው። ሴትየዋ ያንን ቀን እስከ ዛሬ አታነሳም።

እንግዲህ አሁን ተራው የእኛ ሆነ።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን ማለት ነው፣ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ደረጃውን እያረፉ ወጥተው መጡ። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅኋቸው።

«ስማ ወንድሜ» አሉኝ፣ «ያላችሁበትን ሰው ሁሉ ያውቃል። ዘንድሮ ይለፋችሁ። ጽዋውን ለቀጣዩ እንስጠው።»

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ ተራው ሲዞር እናያለን።»

ይህቺን «እናያለን» አውቃታለሁ። ከእኛ በፊት ተራቸው የታለፈ ሰዎች ነበሩ። አንድ ጊዜ ከታለፈ በኋላ የሚመልሰው የለም። መጀመሪያ ሰው ቤት እየመጡ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፤ ቀጥሎ ማስተናገድ እየቻልን አይደለም ብለው ያፍራሉ፤ ቀጥሎ ይቀራሉ። ባለቤቴ ደግሞ ከቤት የምትወጣበት ነገር ሁሉ ቀርቶባት፣ ሰው ወደ እሷ የሚመጣባት ይህቺ አንዲት ቀን ብቻ ናት የቀረቻት።

ከአልጋዋ ላይ ሰምታ ኖሮ «እኮ» አለች። ያኛው ግምት አላስፈለገውም።

ሙሴው ወደ እኔ ዞሩ። «እሺ፣ ጠላውን ማን ሊጠምቀው ነው?»

«እኔ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ ጠላ የምታውቀው ከብርጭቆ ወዲህ ነው።»

«እሱስ እውነት ነው» አልኳቸው።

ግንበኛ ነኝ እኔ። ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ ነው ከአባቴ ጋር ድንጋይ የያዝኩት። ቦሌ ውስጥ ስሄድ፣ ያለበሱት መስታወት ካልጋረደው፣ እጄ ያረፈበትን ግድግዳ አውቀዋለሁ። አሸዋና ስሚንቶ ስንት በስንት እንደሚገባ በዓይኔ እለየዋለሁ። ጌሾና ብቅል ስንት በስንት እንደሚገባ ግን፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠጣ፣ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ለምን እጠይቃለሁ? እሷ ነበረች።

ድሮ ቤታችን እዚሁ ገርጂ፣ ግቢ ውስጥ ነበር። ማድቤቱ ወለሉ አፈር ነው፣ ጥላ አለው፣ ጋኑ ጥግ ይዞ ግማሽ ድረስ መሬት ገብቶ ነበር የሚቀመጠው። ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስንገባ ጋኑን ጎረምሶች ተሸክመውልን፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ግድግዳ ነካና ተሰበረ። ባለቤቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ገሉን ለቀመችው። ከዚያ በኋላ የምትጠምቀው በትንሽ እንስራ ነበር፤ እሱም ከታመመች በኋላ ባዶውን በረንዳ ላይ ቆይቶ ነፋስ ጥሎ ሰበረው። ለእኔ የቀረልኝ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነው፤ ውሃ ሲጠፋ ብለን የምናጠራቅምበት።

አሠራሩን ከእሷ ነው መቅዳት የነበረብኝ። አልጋው አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«አንቺዬ፣ መጀመሪያ ጌሾው ነው ውሃ ውስጥ የሚገባው?»

«እኮ።»

«ከብቅሉ ጋር አብሮ?»

«እኮ።»

«ወይስ ብቅሉ ቆይቶ?»

«እኮ» አለችና በደህና እጇ ፊቷን ሸፈነች።

እንዲህ እንደማይሆን ገባኝ። ቀጥሎ ዓይኗን አንድ ጊዜ ብትጨፍን አዎ፣ ፊቷን ብታዞር አይደለም ብለን ተስማማን። በዚህ ብዙ ተጓዝን። ጌሾና ብቅል በውሃ እንደሚጠነሰስ፣ ከርሞ ቂጣ ተቆራርሶ እንደሚጨመርበት፣ ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቶ፣ እንኩሮው ተነኩሮ እንደሚደፈደፍ፣ በመጨረሻ ውሃ ተሞልቶ እንደሚከደን አንድ በአንድ አወጣሁት። ያልጠየቅኋት ነገር ግን ነበረ። እሷም ካልተጠየቀች መንገር አትችልም።

ጋን ከመጠንሰሱ በፊት እንደሚታጠን ማንም ያውቃል። ታጥቦ፣ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ፣ የወይራ ፍም ላይ ይደፋል፣ ጭሱን ይጠጣል። የጠላው ሽታ ግማሹ ከዚያ ነው። ይህን ሳልጠይቃትም አውቀው ስለነበር ደስ አለኝ። የጋኑን ገል አንዱን አስቀምጬው ነበር፤ ፍሙን እሱ ላይ አደረግሁ፣ ወይራ ጨመርኩ፣ በርሜሉን አንስቼ ደፋሁበት።

ባለቤቴ ከውስጥ «እኮ፣ እኮ፣ እኮ» ማለት ጀመረች።

«አይዞሽ፣ እየታጠነልሽ ነው» አልኳት። ሽታው ናፍቋት መስሎኝ።

ጭሱ በበሩ ሥር ወጥቶ ደረጃውን ሞላው። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ላይ የምትኖር ሴት በባልዲ ውሃ ይዛ እየሮጠች ገባች። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ ነው የምትሠራው፤ ወላጆቿ እዚያው አካባቢ ፋብሪካው ሳይመጣ ያርሱ የነበሩ ናቸው። ያን ቀን ዕረፍቷ ነበር።

«አባባ፣ ምንድነው የሚቃጠለው?»

«ምንም። ጋን እያጠንኩ ነው።»

በርሜሉን አየችው። አፉ በአንድ ወገን ቀልጦ ወደ ውጭ ተገልብጧል። «ይሄ ነው ጋኑ?»

«ጋንማ የለም።»

«ፕላስቲክ ይታጠናል እንዴ አባባ? ነገ ደግሞ ባልዲውን ጥደው ወጥ ሊሠሩበት ነው?»

ከመኝታ ቤት «እኮ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ረጅም፣ የደከመው ድምፅ።

«ይኸው» አለች ጎረቤታችን፣ «እሳቸው ሲነግሩዎት ነበር እኮ።»

ይጣሉት አለችኝ። እኔ ግን ሌላ ዕቃ አልነበረኝም፤ አጥቤ አጥቤ በግራዋ ቅጠል ፈትጌ በዚያው ጠነሰስኩ። ክዳኑ ከእንግዲህ አይገጥምም፣ አፉ ተጣሞበታል። አሰብኩበት። ድሮ የጋን አፍ በጭቃ ሲመረግ አይቻለሁ። ጭቃ እዚህ ከየት አመጣለሁ? ጀሶ ግን ነበረኝ። ድፍድፉን ውሃ ሞልቼ ክዳኑን ጫንኩና ዙሪያውን በጀሶ ያዝኩት፣ በማንኪያ አለሰለስኩት። በዕድሜዬ የሠራሁት የውሃ ጋን አንድም ቀን ጠብ ብሎ አያውቅም፤ ይሄም አይልም ብዬ ኮራሁ።

ቤታችን የመጨረሻው ፎቅ ነው። ከላያችን ቆርቆሮው ነው። ፀሐይ ሲበረታ ቤቱ እንደ ዳቦ ቤት ይሞቃል። አንድ ከሰዓት በኋላ ለባለቤቴ ሾርባ በማንኪያ እያጎረስኳት፣ ከሳሎን አንድ ነገር ድው አለ። ማንኪያውን እንደያዝኩ ሄድኩ። ክዳኑ ከነጀሶው ኮርኒሱን መትቶ ወድቋል። ጠላው አረፋውን እየደፈቀ በግድግዳው ይወርዳል፣ በበሩ ሥር ያልፋል፣ ደረጃውን ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ምን ላድርግ? መጥረጊያውን ልያዝ፣ በርሜሉን ልያዝ፣ በሩን ልያዝ፤ ቆሜ አየሁት ብቻ። ከታች ሰዎች ሲጠያየቁ ይሰማኛል።

የተረፈውን በብርጭቆ ቀድቼ ወደ ባለቤቴ ወሰድኩት። ጣቷን ነከረች፣ ቀመሰች። የተቃጠለ ፕላስቲክ ነው፤ ለእኔ እንኳ ታውቆኛል። አልተቆጣችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና እስኪመሽ እንደዚያው ሆና ዋለች። ከመቆጣቷ ያኛው ባሰብኝ። ለሙሴው ደውዬ ይለፈን ልበላቸው እያልኩ ስልኩን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

በማግስቱ ጎረቤታችን ከሥራ ስትመለስ በሩን አንኳኳች። ጀርባዋ ላይ የእናቷን እንስራ አዝላለች።

«ትናንት ደረጃ ላይ አንሸራተተኝ» አለች፣ «የእርስዎ ጠላ ሳልጠጣው ሊጥለኝ ነበር።»

«ይቅርታ ልጄ።»

«ይሄ እናቴ ፈርሶ የምትጠምቅበት ነው። ታጥኗል። እንዳይነኩት።» ፈርሶ በእነሱ ኦሮምኛ ጠላ ማለት ነው። የጀሶውን ስብርባሪ አንስታ አየችው። «አባባ፣ ሕይወት ያለው ነገር በጀሶ ይቀበራል? ይተነፍሳል እኮ። ጨርቅ፣ በላዩ ሰሃን፣ በቃ።»

ባለቤቴን ከነወንበሯ ተሸክመን እንስራው አጠገብ አስቀመጥናት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በአፍንጫዋ ነው የመራችን። ገብሱ ሲቆላ እያሸተተች፣ በቃ ሲላት ዓይኗን ትጨፍናለች። ድፍድፉን እገልጥላታለሁ፣ ትጎነብሳለች፣ ታሸተዋለች፣ ቀና ትላለች። ውሃ ከሞላን በኋላ አንድ ጠዋት ሰሃኑን ሳነሳላት ቀስ ብላ «እኮ» አለች። ያቺን ድምፅ ከታመመች ወዲህ ሰምቻት አላውቅም። አንድ አፍታ ሁሉ ነገር የሚስተካከል መሰለኝ።

ግን ሙቀቱ አለ። የማርያም ቀን ገና ነው፣ ጠላው ደርሷል፣ ቆርቆሮው ደግሞ ከላይ ይግላል። በአንድ በኩል ዕለቱ ይጎተታል፣ በሌላ በኩል ጠላው ይሮጣል። ሽታው ወደ ኮምጣጣ መሄድ ጀመረ። እሷም አወቀችው፤ ወደ እንስራው ያየችና ወደ እኔ ታያለች። እንስራውን እርጥብ ጆንያ አለበስኩት፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ውሃው ደግሞ የእኛ ፈረቃ አልነበረም። ማቀዝቀዣችን ትንሽ ናት፣ የባለቤቴን መድኃኒትና አንድ ጆግ ትይዛለች፣ ከዚያ አትዘልም።

በመጨረሻ ጠላውን አጥልዬ በጀሪካን ሞላሁትና በዋዜማው ታች ያለው ግሮሰሪ ወሰድኩት። ባለቤቱ ትሁት ሰው ነው። ትልቁን ፍሪዘር ከፈተልኝ።

«ምን ያህል ይቀዝቅዝልዎት?»

«በደንብ» አልኩት።

ያልኩት ይቺን ብቻ ነው። በሥራዬ በደንብ ሲባል ትርፍ እንጂ ጉድለት የለውም።

ጠዋት ስወርድ ባለግሮሰሪው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ፊቱን ሳየው ደነገጥኩ። «አባት፣ ድንጋይ ሆኗል» አለኝ። ጀሪካኑ አብጦ ጎኑ ተሰንጥቋል። በጣቴ ብመታው እንደ ብሎኬት ይጮሃል። ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ እንደ ድሮዬ፣ ደረጃውን ወጣሁ። ብርዱ አንገቴ ላይ ይወርዳል። ፕላስቲኩን በቢላ ቀድጄ አወለቅሁና በረዶውን ሳፋ ላይ አድርጌ በረንዳው ላይ ለፀሐይ ሰጠሁት። በየቀኑ ስታቃጥለን የከረመችው ፀሐይ ያን ጠዋት ደመና ለብሳ ቀረች።

ሰው መግባት ጀመረ። ጎረቤታችን ዳቦውን ጋግራ ይዛ መጣች። ባለቤቴ ነጭ ለብሳ፣ ወንበሯ ላይ፣ በረንዳው ትይዩ ተቀምጣለች፤ ሳፋውን ታያለች። ሙሴው መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጠላው ነው።»

ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ቆሟል እኮ።»

«እሳት ላይ ልጣደው ይሆን?» አልኳቸው።

ጎረቤታችን ከኋላ ሰማችኝ። «አባባ፣ የፈላ ጠላ ለማርያም?» አለች። ባለቤቴም ፊቷን አዞረች፤ አይደለም ማለቷ ነው። እንግዲህ መጠበቅ ነው። ቢራው በሣጥን መጥቶ ጥግ ተደርድሯል፣ ለስላሳው አለ፤ ጽዋው ግን ባዶውን ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፣ ሰው ሁሉ ያየዋል። ሙሴው ወደ ቄሱ ጆሮ ጠጋ ብለው «አባታችን፣ ዛሬ ጸሎቱ ትንሽ ረዘም ቢል» ሲሉ ሰማኋቸው። ቄሱም ሳፋውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ረዘመ። ጉልበቱ የደከመው ሁሉ በየግድግዳው ተደገፈ። እኔ በረንዳው ላይ ተንበርክኬ ሳፋውን አዘንብዬ ጽዋውን ከሥሩ ይዣለሁ። ጠብ ይላል። ይቆያል። ጠብ ይላል። ጥቁር ነው የሚወርደው፣ ወፍራም። በመዳፌ ላሙቀው ብዬ በረዶውን አቀፍኩት፤ መዳፌ ደነዘዘ እንጂ እሱ ምንም አልሆነም። ቤት የሠራሁ ሰው፣ አንዲት ጽዋ መሙላት አቃተኝ። ቄሱ ማሳረጊያው ላይ ሲደርሱ ጽዋው እስከ አንገቱ መጥቶ ነበር። ያንኑ ይዤ ገባሁ።

ተባረከና መዞር ጀመረ። መጀመሪያ የደረሰው ያቺ ከሃያ ሁለት ጠላ ያስገዛችው ሴት እጅ ነው። ፉት አለች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ደረቷን ያዘች።

«ምነው?» አልኳት።

«ይሄ ጠላ ነው?» አለች። «አረቄ መሰለኝ።»

ቀጥሎ ያለው ቀመሰና ሳለ። ከዚያ ሳቅ ሄደ ከአንዱ ወደ አንዱ። ኋላ ሳስበው፣ ቀድሞ የሚቀልጠው ብርቱው ነው መሰለኝ፣ ውሃው በረዶ ሆኖ ወደ ኋላ ይቀራል። ያን ሰዓት ግን ይህን አላሰብኩም። እኔ የማየው ጽዋው ወደ ባለቤቴ ሲቀርብ ነው። ያንኛውን ቀን፣ መሶቡ አጠገብ ያስቀመጠችውን ነው የማስበው። እዚህ ቤት ብታስቀምጠው፣ በራሷ ቤት፣ ምን እላለሁ?

በግራ እጇ ያዘችው። ፉት አለች። አፏ ውስጥ አቆየችው። ወደ እኔ አየች፣ ረጅም ጊዜ፤ ቁጣም አልነበረበትም፣ ደስታም አልልም። ደግማ ፉት አለችና አጠገቧ ላሉት ለሙሴው አሳለፈችው።

ሙሴው ጠጥተው አፋቸውን ጠረጉ። ጽዋውን ለቀጣዩ ተረኛ ሰጥተው ወደ እኛ ዞሩ። «ተራችሁ እንዳለ ነው» አሉ፣ «ሲዞር እንመጣለን።»

ለእንግዳው የቀዳሁት ግን ሌላ ነገር ሆነ። በረዶው እየቀለጠ በሄደ ቁጥር ቀጠነ፣ በመጨረሻ ቅራሪ እንኳ አይባልም። «መጀመሪያ አረቄ፣ ቀጥሎ ውሃ» አሉ ቄሱ፣ «መካከል ላይ የነበረው ጠላ የት ሄደ?» ቢራውን ከፍተው ጠጡ። ተመርቀን፣ አመስግነውን፣ ደረጃውን እየተደጋገፉ ወረዱ። «ሲዞር» ያሉት ቀን የአባሉ ብዛት ሲታሰብ ሩቅ ነው። እሷም ሳታስበው አልቀረችም።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ከበረዶው የተረፈ ጉማጅ ሳፋው ውስጥ ነበረ። ባለቤቴ በአገጯ ወደ እሱ አሳየችኝ። ሳፋውን አምጥቼ ጉልበቷ ላይ ያዝኩላት። በግራ እጇ የቀኝ እጇን አነሳችና መዳፏን በረዶው ላይ አኖረችው።

«ይሰማሻል?» አልኳት።

ዓይኗን አልጨፈነችም፣ ፊቷንም አላዞረችም። እኮ እንኳ አላለችም። እጇን እያየች ትጠብቃለች። እኔም መዳፌን ከጎኗ አሳረፍኩ። ጥቂት ቆይቶ አቃጠለኝና አነሳሁት። የእሷ እዚያው ነው። ኋላ እኔው ነኝ አንስቼ በነጠላዬ ያደረቅኩላት።